ድምፅን የሚከተል ምስል ለሙዚቃ ድግስ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

ለአንድ የሙዚቃ ድግስ ድምፅን የሚከተል የምስል ሥራ እንዲያዘጋጅ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ?» የሚል ነው። መልስ ሲያፈላልግ ሬዞሉምን፣ ታችዲዛይነርን፣ ፕሮሰሲንግን፣ ማክስን የሚያወድሱ ብዙ ሰዎች ያገኛል፤ ሁሉም የሚያወድሰው ግን እጁ የለመደውን ነው። እኔ በእነዚህ መሣሪያዎች ስሠራ የተረዳሁት የሶፍትዌሩ ምርጫ መጨረሻ የሚመጣ እንጂ መጀመሪያ የሚነሣ አለመሆኑን ነው። ድምፁ በየት በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ እንደሚገባ፣ ሙዚቃው ምን ዓይነት ምት እንዳለውና በዝግጅቱ ምሽት መሣሪያው አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ በቅድሚያ ከታወቀ፣ ከአማራጮቹ አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ።

ንጽጽሩ ሁለት ዓይነት ሥራዎችን ይመለከታል። አንደኛው ከባንዱ ጀርባ ባለ ስክሪን ወይም ግድግዳ ላይ የሚታይ፣ ከዘፈን ዘፈን የሚለዋወጥ ምስል ነው። ሁለተኛው በግቢው ውስጥ ለብቻው የሚተከል፣ ሰው ሲቀርበው፣ ሲያጨበጭብለት ወይም ከበሮ ሲመታለት መልስ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ሠዓሊዎቻችን ኢንስታሌሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ቢመሳሰሉም የመጀመሪያው ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያዝዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ማንም ሳይነካው በራሱ መዝለቅ አለበት።

## መመዘኛዎቹ

ድምፁ የሚገባበት መንገድ። ድምፅ ወይ በማይክሮፎን ከአየር ይቀዳል፣ ወይ ከሚክሰሩ (የመድረኩን ድምፆች ከሚያቀላቅለው መሣሪያ) በኬብል በቀጥታ ይወሰዳል። ማይክሮፎን ቀላል ነው፤ ነገር ግን የታዳሚውን ጩኸት፣ የነፋሱን ሹክሹክታና የጎረቤት ስፒከሩን ሁሉ ከሙዚቃው እኩል ይሰማል። ለመድረክ ሥራ ከሚክሰሩ መውሰድ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የድምፅ ባለሙያውን ሁለት መስመር ይጠይቁት፤ በአንዱ ከበሮውና ቤዙ ብቻ፣ በሌላው ጠቅላላው ሙዚቃ ይምጣልዎት። ይህ ለእሱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእርስዎ ግን ከተደባለቀ ድምፅ ውስጥ በሶፍትዌር አጥልሎ ለማውጣት የሚያስቸግረውን የጠራ ምት ይሰጥዎታል።

አንድ ምሽት ባንዱ ዘፈኑን ጨርሶ መድረኩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ግድግዳው ላይ የሠራሁት ክብ ምስል ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ሲቀጥል አየሁ። ክቡ የሚያብጠው በወፍራሙ ድምፅ ነበር፤ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሰው ግን መድረኩ ላይ አልነበረም። ያንቀጠቀጠው ጄኔሬተሩ ሥራ ሲጀምር በኬብሉ ተከትሎ የገባው ጉምጉምታ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዑደት) በመሆኑ፣ በተበላሸ የምድር መስመር በኩል ወደ ድምፅ ኬብል ሲገባ ከትልቁ ከበሮ ጋር አንድ ሰፈር ላይ ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩም ሁለቱን አይለያቸውም። በአሜሪካ ለሚያዘጋጁ ወገኖቻችን ቁጥሩ 60 ኸርዝ ነው፤ ችግሩ ግን ያው ነው። መፍትሔው በሚክሰሩና በኮምፒዩተሩ መካከል የምድር መስመሩን ማቋረጫ ያለው፣ ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ሣጥን ማስገባት ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ መሞከርም ይጠቅማል፤ ጉምጉምታው ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ በደለኛው ተገኝቷል ማለት ነው።

መዘግየት። ከበሮው ከተመታበት ቅጽበት እስከ ምስሉ መንቀሳቀስ ያለው ጊዜ የብዙ ትንንሽ መዘግየቶች ድምር ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያወጣ ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ የድምፅ ካርዱ፣ ትንተናውና ፕሮጀክተሩ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች ድምፁ ምስሉን 45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀድመው ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል፤ ምስሉ ድምፁን ሲቀድመው ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ይታገሣል። በድግስ ላይ ይህ ሒሳብ በርቀት ይቀየራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከስፒከሩ 17 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ምቱን የሚሰማው 50 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ በመጠኑ የዘገየ ምስል ለእሱ ልክ በሰዓቱ የደረሰ ይመስለዋል። መዘግየትን አጥብቆ መቆጣጠር የሚያስፈልገው ሰው በእጁ የሚነካው ኢንስታሌሽን ላይ ነው፤ ከበሮውን ራሱ የመታ ሰው ዘግይቶ የሚመጣን ብርሃን የእኔ ነው አይልም።

የሙዚቃው ባሕርይ። በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙም የማያነሡት፣ ለእኛ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁሉም መሣሪያዎች የሚመረኮዙት ኤፍኤፍቲ በሚባል ስሌት ላይ ነው፤ ስሌቱ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ ወስዶ ምን ያህሉ ጉልበት በወፍራሙ፣ ምን ያህሉ በመካከለኛው፣ ምን ያህሉ በቀጭኑ ክልል እንዳለ ይለያል። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚወሰድበት የተለመደ አሠራር፣ የ1,024 ናሙና ቁራጭ 23 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል፤ ድምፆችን የሚለየውም በ43 ኸርዝ ርምጃ ነው። ቁራጩ ወደ 4,096 ሲያድግ ርምጃው ወደ 11 ኸርዝ ገደማ ይጠብባል፤ ርዝመቱ ግን 93 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ፍጥነትና ጥራት አብረው አይገኙም። ከበሮ የሚከተል ሰው አጭሩን፣ የክራርን ዜማ ለይቶ ማሳየት የሚፈልግ ረጅሙን ይመርጣል፤ ሁለቱንም የሚፈልግ ደግሞ ሁለት ስሌት ጎን ለጎን የሚያስኬድ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ከበሮ ድንገት ተነሥቶ ወዲያው የሚወድቅ ድምፅ ስላለው ለማንኛውም መሣሪያ ቀላል ነው። ሰፊው አፉ ወፍራም፣ ጠባቡ አፉ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ ሁለቱን ለይቶ ሁለት የተለያየ ምስል ማንቀሳቀስ ይቻላል። ክራርም ሲመታ መነሻው ግልጽ ነው። መሰንቆ ግን በደጋኑ ሲታሽ ድምፁ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ «ድምፁ ከዚህ መጠን ሲያልፍ ብልጭ በል» የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ምስል ለመሰንቆ ወይ እንደበራ ይቀራል፣ ወይ ጨርሶ አይበራም። ለመሰንቆ የሚስማማው የዜማውን መውጣትና መውረድ ተከትሎ መስመር የሚስል ምስል ነው። በገና ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ክር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት ቀጭኑንም ክልል ይሞላዋል፤ «ወፍራም ድምፅ ማለት በገና ነው» ብሎ የተነሣ ሰው ምስሉ በሁለቱም በኩል ሲበራበት ይገረማል።

ሌላው የምት ጉዳይ ነው። የችክችካ ምት በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት በሦስት የሚከፈል ነው። አብዛኞቹ የምስል ሶፍትዌሮች ግን የተሠሩት ምቱ በአራት ተቆጥሮ በሁለት በሁለት ለሚከፈል የዳንስ ሙዚቃ ነው። በችክችካ ላይ ግማሽ ምት የሚከተል ኢፌክት ሲከፈት ብልጭታው ከእስክስታው ትከሻ ጋር አይገናኝም። በትልቁ ምት ላይ ብቻ መቆየት ወይም መክፈያውን በራስ እጅ ወደ ሦስት መቀየር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚፈቅድና የማይፈቅድ መሣሪያ አለ። እንደ ትዝታ መግቢያ ያለ ምት በነጻነት የሚፈስስ ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ የምት ቆጣሪን ዘግቶ የድምፁን ጉልበት ብቻ መከተል ይሻላል።

ተሳትፎ፣ ጽናትና ፈቃድ። ተመልካቹ በካሜራ፣ በስልክ ወይም በንክኪ ይሳተፋል ወይ? ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሥራው በራሱ ይነሣል ወይ? የሶፍትዌሩ ፈቃድ ክፍያ ለሚያስገኝ ሥራ ይፈቅዳል ወይ? ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር ወይም በዩሮ የሚሸጥ ሶፍትዌር ለመግዛት ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ስለሚያስፈልግ፣ ብዙዎች በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ይህ ከዝግጅቱ ሳምንታት ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የተመልካች ደኅንነት። ይህ በምርጫ የሚመዘን ሳይሆን በሁሉም ላይ የሚጸና ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በታየ አንድ የካርቱን ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲፈራረቅ 685 ያህል ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ለድረ ገጽ ሥራ የወጣው የተደራሽነት መመዘኛ በአንድ ሰከንድ ከሦስት ብልጭታ በላይ አይፈቅድም፤ ለድግስም ይህንኑ መያዝ አስተዋይነት ነው። በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ባለው ችክችካ ላይ በትልቁ ምት ብቻ ብልጭ የሚል ምስል በሰከንድ ሁለቴ ይበራል፤ በሦስቱም ክፋይ ላይ ብልጭ እንዲል ቢደረግ ግን በሰከንድ ስድስት ይደርሳል። ምቱን በብልጭታ ፈንታ በማበጥ፣ በመዞር ወይም በቀለም ቀስታ መለዋወጥ ማሳየት ከአደጋው ያድናል፤ ለዓይንም የተሻለ ነው።

## አማራጮቹ በየመመዘኛው

ሬዞሉም አሬና። በኔዘርላንድስ የሚሠራ፣ የተዘጋጁ ቪዲዮዎችን እየደራረቡ በቀጥታ ለማጫወት የታሰበ ሶፍትዌር ነው። ማንኛውንም መቆጣጠሪያ ከወፍራሙ፣ ከመካከለኛው ወይም ከቀጭኑ ድምፅ ጋር በጥቂት ጠቅታ ማገናኘት ይቻላል፤ አንድ ሰው በሁለት ቀን ልምምድ መድረክ ላይ ሊቀርብበት ይችላል። ግድግዳ ላይ ምስልን ከሕንጻው ቅርጽ ጋር ማጣጣምና የኤልኢዲ መብራቶችን ማዘዝም በውስጡ አለ። የአሬና ዋጋ 799 ዩሮ፣ እነዚህ ሁለት ችሎታዎች የሌሉበት የሬዞሉም ቅጂ፣ አቬኑ፣ ደግሞ 299 ዩሮ ሆነው ቆይተዋል፤ ከመግዛትዎ በፊት የዕለቱን ዋጋ ያረጋግጡ። ሳይገዙ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን የሙከራው ቅጂ ምስሉ ላይ ምልክቱን ስለሚጥል ለመድረክ አይሆንም።

ድክመቱ ሁለት ነው። የምት ቆጣሪው አራት ምትን መነሻ ያደረገ በመሆኑ ለችክችካ ትልቁን ምት ብቻ በእጅ እየመቱ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከተመልካች ጋር የሚነጋገር ሥራ በውስጡ መገንባት አይመችም፤ ከሌላ ፕሮግራም የሚላክለትን ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ ራሱ ካሜራ አይቶ አያስብም። ለመድረክ ስክሪን ግን፣ በተለይ ምሽቱን ሙሉ ብዙ ዘፋኞች ሲፈራረቁ፣ ከዚህ የሚቀድም አላገኘሁም።

ታችዲዛይነር። የካናዳው ዴሪቬቲቭ የሚሠራው ይህ ሶፍትዌር ኮድ በመጻፍ ፈንታ ሣጥኖችን በገመድ እያገናኙ የሚሠሩበት ነው። ድምፅ የሚገባበት ሣጥን አለ፤ ከእሱ ወደ ትንተና፣ ከትንተናው ወደ ምስል ይሄዳል፤ በየሣጥኑ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅና ምስል እየተንቀሳቀሰ ስለሚታይ ስሕተት ሲኖር የት እንዳለ በዓይን ይገኛል።

አንድ ትንሽ ምሳሌ ላሳይ። ከሚክሰሩ የመጣው የከበሮ መስመር በቀጥታ ከክብ ምስል ስፋት ጋር ሲገናኝ ክቡ ይንዘፈዘፋል፤ የሚያሳየውም የከበሮን ጉልበት ሳይሆን የድምፁን ፈጣን ንዝረት ነው። በመካከል ላግ የሚባለውን ሣጥን አስገብተው የመነሻውን ጊዜ 0.02 ሰከንድ፣ የመውደቂያውን 0.4 ሰከንድ ሲያደርጉት ክቡ ከከበሮ መቺው እጅ ጋር ብድግ ይልና ቆዳው እየረገበ እንደሚሄድ ከበሮ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የድምፅ ተከታይ ምስል ውበት በአብዛኛው ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ ፈጥኖ መነሣት፣ ዘግይቶ መውደቅ። ለእንጉርጉሮ መውደቂያውን ወደ 2 ሰከንድ ማራዘም፣ ለጭፈራ ወደ 0.2 ማሳጠር ይበቃል።

በካሜራ የሰውን እንቅስቃሴ መከተል፣ ለመብራት ትእዛዝ መላክ፣ ምቱን በሦስት መክፈል፣ ሁለት ኤፍኤፍቲ ጎን ለጎን ማስኬድ ሁሉ በውስጡ ይቻላል። ፈቃዱን ግን በጥንቃቄ ያንብቡ። ለንግድ ያልሆነው ቅጂ በነጻ ይገኛል፤ የምስሉን ስፋት ግን በ1280 በ1280 ፒክስል ይገድባል፤ ክፍያ ለሚያገኙበት ሥራም አይፈቀድም። የንግድ ፈቃዱ 600 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ለትምህርት የሚሰጠው በግማሽ ዋጋ ነው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ለመልመድም ሳምንታት ሳይሆን ወራት ነው የሚወስደው። በአንድ ወር ውስጥ ለሚደርስ ዝግጅት ከዜሮ ልጀምር የሚልን ሰው በቅንነት እመክረዋለሁ፦ አይጀምሩት።

ፕሮሰሲንግ እና ፒ5 ጄኤስ። ፕሮሰሲንግን እ.ኤ.አ. በ2001 ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በኤምአይቲ የጀመሩት ለሠዓሊዎች የሚሆን የኮድ መጻፊያ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ አቅመ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ፒ5 ጄኤስ ያንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጽ መመልከቻ ያመጣ ነው። ኮድ ለሚችል ተማሪ ወይም ገንቢ ከነጻ መንገዶች ሁሉ ሰፊው ይህ ነው፤ ችክችካን በሦስት መክፈል አንድ መስመር ኮድ ነው። ከላይ ያየነው የላግ ሥራ እዚህ የሚሠራው «አዲሱ ዋጋ የአሮጌው 0.9 እጥፍ ሲደመር የመጣው 0.1 እጥፍ» በሚል ቀመር ነው፤ በሰከንድ 60 ምስል ሲሄድ ይህ 160 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚያረጋጋ ልስላሴ ይሰጣል።

ፒ5 ጄኤስን ለኢንስታሌሽን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የድረ ገጽ መመልከቻ ተጠቃሚው ፈቅዶ እስኪጫን ድረስ ማይክሮፎን አይከፍትም። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሰው መጥቶ ካልነካው ሥራው መስማት እንደተሳነው ይቀመጣል፤ ማለትም ምስሉ ይኖራል፣ ድምፁን ግን አይሰማም። ፕሮሰሲንግ ይህ ችግር የለበትም።

ማክስ እና ፒውር ዳታ። ማክስን ሚለር ፓኬት በ1980ዎቹ በፓሪሱ የሙዚቃ ምርምር ተቋም በኢርካም ጀመረው፤ ኋላም ያው ሰው ፒውር ዳታን በነጻ የሚገኝ አድርጎ ሠራ። ሁለቱም በመጀመሪያ የድምፅ መሣሪያዎች ናቸው። የምስል ችሎታቸው ከታችዲዛይነር ያነሰ ቢሆንም በመስማት የሚወዳደራቸው የለም። በፒውር ዳታ ውስጥ ቦንክ የሚባለው ክፍል የከበሮ ምትን መነሻ ይይዛል፤ ሲግመንድ የሚባለው የመሰንቆን ዜማ መውጣትና መውረድ ይከተላል። በእኔ እምነት ገንዘብ የሌለው ግን ጊዜ ያለው ቡድን ከሁሉ የሚሻለው ፒውር ዳታ እንዲሰማለት፣ ፕሮሰሲንግ ደግሞ እንዲስልለት ማድረግ ነው። ሁለቱ ኦኤስሲ በሚባል የመልእክት መንገድ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ይነጋገራሉ፤ ወጪው ዜሮ ነው።

ኢኤስፒ32 ከኤልኢዲ ገመድ ጋር። ኮምፒዩተር ጨርሶ የማይፈልግ መንገድ ነው። ኢኤስፒ32 የምትባለው ትንሽ፣ ፕሮግራም የሚጫንባት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ደብሊውኤልኢዲ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ተጭኖባትና ትንሽ ዲጂታል ማይክሮፎን ተገናኝቶላት የኤልኢዲ ገመድን በድምፅ ታበራለች፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም በሰከንዶች ውስጥ በራሷ ትነሣለች። ዝርዝር ምስል አይጠበቅባትም፤ በዛፍ ዙሪያ ለሚጠመጠም ወይም በቅርጫት ውስጥ ለሚገባ ብርሃን ግን ከበቂ በላይ ናት።

የሚሳሳቱት በኃይል ሒሳብ ላይ ነው። በሜትር 60 መብራት ያለው የ5 ሜትር ገመድ 300 መብራት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ስለሚወስድ ጠቅላላው በ5 ቮልት 18 አምፔር ይደርሳል። የስልክ ቻርጀር ይህን አይችልም፤ ቀጭን ሽቦም ይሞቃል። ኃይሉን ከሁለቱም ጫፍ ማስገባትና የብርሃኑን ጣሪያ በሶፍትዌሩ መገደብ ያስፈልጋል።

አንሪልን የመሳሰሉ የጌም ሞተሮችና ኖች የተባለው የምስል ሶፍትዌር ደግሞ ትልልቅ ቡድን፣ ውድ ኮምፒዩተርና ወራት የሚፈልጉ ስለሆኑ ለአብዛኛው አንባቢ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ናቸው።

## ምስሉ የሚያርፍበት

ፕሮጀክተር ሲመረጥ የሉመኑን (የሚያወጣውን ጠቅላላ ብርሃን) ቁጥር ብቻ ማየት ያታልላል፤ የሚቆጠረው ብርሃኑ በግድግዳው ስፋት ሲካፈል የሚተርፈው ነው። 5,000 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር 4 ሜትር በ2.25 ሜትር በሆነ ምስል ላይ 555 ሉክስ ያህል (በካሬ ሜትር 555 ሉመን) ይሰጣል፤ ምስሉ 8 ሜትር ስፋት ሲኖረው ግን ወደ 139 ሉክስ ይወርዳል። ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ ብርሃኑ በአራት ይካፈላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በፊት ለሚጀምር ዝግጅት ፕሮጀክተር ማሰብ ገንዘብ መጣል ነው። በቀን ለሚጀምር ዝግጅት የሚሠራው የኤልኢዲ ስክሪን ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ስንት ከሆነ ተመልካቹም ቢያንስ በዚያው ቁጥር ያህል ሜትር መራቅ አለበት የሚለው የባለሙያዎች ልማድ ጥሩ መነሻ ነው፤ 3.9 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ4 ሜትር ወዲያ ላለ ሰው ይስማማል።

ለተሳትፎ የሚያገለግሉ ጥልቀት የሚለኩ ካሜራዎች ብዙዎቹ በፀሐይ ብርሃን ይታወራሉ፤ የሚያነቡት የኢንፍራሬድ ብርሃን በፀሐይ ይዋጣልና። ማይክሮሶፍት ኪኔክት የተባለውን የዚህ ዓይነት ካሜራ ማምረት ያቆመ በመሆኑ ያገለገለ ኪኔክት ገዝቶ መጀመር መለዋወጫ የሌለው መኪና እንደመግዛት ነው። ለብዙ ሥራ ተራ የድረ ገጽ ካሜራ የሰውን እንቅስቃሴ ከምስል ከሚለየው የጎግል ሶፍትዌር ከሚዲያፓይፕ ጋር ይበቃል።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መሣሪያ | ዋጋና ፈቃድ | ለመልመድ | ድምፅ የመስማት ችሎታ | ችክችካን በሦስት መክፈል | ተመልካችን ማሳተፍ | ኃይል ሲመለስ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሬዞሉም አሬና | 799 ዩሮ | ቀናት | በቂ | በእጅ፣ በትልቁ ምት ብቻ | በሌላ ፕሮግራም በኩል | ሰው ቢኖር ይሻላል |
| ታችዲዛይነር | ነጻ በገደብ፤ ለንግድ 600 ዶላር | ወራት | በጣም ጥሩ | ይቻላል | በጣም ጥሩ | በራሱ እንዲነሣ ማዘጋጀት ይቻላል |
| ፕሮሰሲንግ | ነጻ | ኮድ ለሚችል ሳምንታት | ጥሩ | ይቻላል | ጥሩ | በራሱ እንዲነሣ ማዘጋጀት ይቻላል |
| ፒ5 ጄኤስ | ነጻ | ኮድ ለሚችል ሳምንታት | መካከለኛ | ይቻላል | በስልክ ለማሳተፍ ምርጥ | ሰው መንካት አለበት |
| ማክስ | በክፍያ | ወራት | ከሁሉ የላቀ | ይቻላል | ጥሩ | በራሱ እንዲነሣ ማዘጋጀት ይቻላል |
| ፒውር ዳታ | ነጻ | ወራት | ከሁሉ የላቀ | ይቻላል | ከፕሮሰሲንግ ጋር ጥሩ | በራሱ እንዲነሣ ማዘጋጀት ይቻላል |
| ኢኤስፒ32 | ሶፍትዌሩ ነጻ፤ ዕቃው ርካሽ | ቀናት | መነሻና ጉልበት ብቻ | ውስን | በድምፅ ብቻ | በራሱ ወዲያው ይነሣል |

## ለማን የትኛው

በጀት ለሌለው የዩኒቨርሲቲ ክበብ ወይም የወጣት ሠዓሊያን ቡድን ፒውር ዳታና ፕሮሰሲንግ አብረው ይበቃሉ፤ አንድ ኮድ የሚጽፍና አንድ ጆሮ ያለው ሰው ከተገኘ ሥራው ከውድ ሶፍትዌር ሥራ አያንስም። ኮድ የሚችል ከሌለ ወደ ኢኤስፒ32 ይሂዱ፤ አንድ ሰው ከበሮ እየመታ የሚያበራው ዛፍ፣ በደንብ ከተሠራ፣ በግቢው ውስጥ ልጆች የማይርቁት ቦታ ይሆናል።

ለአንድ ባንድ ወይም ለክለብ በየሳምንቱ የሚሠራ ባለሙያ የሬዞሉም ክፍያ ይመለስለታል። ግድግዳ ላይ ምስል የማያጣጥም ከሆነ አቬኑን ገዝቶ መጀመር፣ ሥራው ሲሰፋ ወደ አሬና ማደግ ይቻላል። በውጭ አገር በዓመት አንዴ አዳራሽ ተከራይተው ኮንሰርት የሚያዘጋጁ ማኅበራት ግን ሶፍትዌር ከመግዛት ይልቅ መሣሪያውን ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ቢቀጥሩ ይሻላቸዋል፤ የሚሹት ዕቃ ሳይሆን ችክችካን የሚያውቅ እጅ ነውና፣ ባለሙያው ሙዚቃውን ቀድሞ እንዲያዳምጥ የዘፈኖቹን ዝርዝር ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይላኩለት።

ቋሚ የኢንስታሌሽን ሥራ ለመሥራት ያሰበ፣ ከስድስት ወር በላይ ጊዜና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ታችዲዛይነርን ይልመድ። በነጻው ቅጂ ይጀምር፤ የመጀመሪያው ተከፋይ ሥራ ሲመጣ የፈቃዱን ዋጋ በሥራው ሒሳብ ውስጥ ያስገባ።

ሥራውን ራሱ የማይሠራ፣ ለሌላ ሰው የሚያዝዝ አዘጋጅ ደግሞ ከመስማማቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ድምፁ ከሚክሰሩ በስንት መስመር እንደሚወሰድ፣ ኃይል ሲቋረጥ ምስሉን ማን በስንት ደቂቃ እንደሚመልሰው፣ ምስሉ በሰከንድ ቢበዛ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል። ለሦስቱም ሳያመነታ የሚመልስ ባለሙያ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢሠራ ሊታመን ይችላል። በውሉ ውስጥም ባንዱ ድምፁን በሚፈትሽበት ሰዓት ለምስሉ የሚሆን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይመደብለት፤ በቤት ውስጥ ከተቀረጸ ሙዚቃ ጋር የተስተካከለ የመነሻና የመውደቂያ ቁጥር በመድረኩ ስፒከር ፊት ሁልጊዜ እንደገና መስተካከል አለበት።